ባለ 100 ወይስ ባለ 120 ሚሊሜትር ፎርክ?

ፎርክ የሳይክሉን የፊት ጎማ የሚይዘው፣ ንዝረት የሚውጠው ሹካ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ሲጫን ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። ሁለቱንም በአንዱ ሳይክሌ ላይ፣ በዚሁ በጎንደር ዳገት ሞክሬያቸዋለሁ። ፍሬሙ የተሠራው ለባለ 100 ነው፤ ወደ ጎሃ ኮረብታ ስወጣ የፊት ጎማው መሬት ይዞ ይሄዳል፣ መሪውም ቶሎ ይታዘዛል። ከጓደኛዬ ሳይክል ፈትቼ ያሰርኩት ባለ 120 ግን ፊቱን ከፍ አደረገው፤ ፎርኩ የሚገባበት የፍሬሙ ቱቦ በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ተጋደመ፣ ፔዳሉም ከመሬት ትንሽ ራቀ። ቁልቁለት ላይ ግሩም ነው! ድንጋዩን ይውጠዋል፣ በፍጥነት ስትወርዱም መሪው አይቅበጠበጥም። ዳገት ላይ ግን የፊት ጎማው ይቀልና ይዋልላል፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይም መሪው ይዘገያል። ለእኔ ይሄ አልተመቸኝም፣ ወደ 100ው ተመልሻለሁ። መውረድ ለሚወድ ግን 120ው ይሻለዋል፣ ፍሬሙ የሚፈቅድ ከሆነ። ከመቀየራችሁ በፊት ወደ ፍሬሙ የሚገባውን የፎርኩን ቱቦ ለኩ፤ አጥሮ ከተቆረጠ አይቀጠልም፣ ውፍረቱም ከፍሬሙ ጋር መግጠም አለበት።