«ከመንገድ ሥራ የተረፈ አስፋልት ነው» ብለው ግቢያችሁን ሊያለብሱ ለሚመጡ ሰዎች በር አትክፈቱ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ግቢያችሁ ቀይ አፈር የሆነባችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኛ 54,000 ብር አጥተናል። ሰዎቹ አሁንም ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው እናቴ ቤት ነው፣ ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት በኩል። ከውጭ በር እስከ በረንዳው 15 ሜትር ነው፣ ስፋቱ 4 ሜትር። 60 ካሬ ማለት ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚወርድበት ከተማ ነው። ያ ቀይ አፈር አንዴ ከራሰ ጫማ ከእግር ያወልቃል። አምና ሐምሌ እናቴ እዚያው በሯ ላይ አንሸራቷት ወድቃ እጇ ተሰበረ። ያኔ ነው «ይህን ግቢ ሳላስነጥፍ ሌላ ክረምት አይገባም» ያልኩት። እቁቤም ጥር ላይ ደረሰኝ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች በር አንኳኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል፣ አንዱ ሄልሜት አድርጓል፣ ውጭ አይሱዙ ቆሟል። «እማማ፣ ከመንገድ ፕሮጀክቱ ነን። ዛሬ የተረፈ አስፋልት አለ፣ ካልተነጠፈ ይደርቅና ይጣላል። ከሚጣል ለእርስዎ በርካሽ እናልብስልዎት፤ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩን» አሏት። እናቴ ደወለችልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ተቀብሎ ያናገረኝ ሰውዬ ሁሉንም ነገር ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። በካሬ 900 ብር። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ዋስትና 10 ዓመት። «ግን ጋሼ፣ አሁኑኑ ካልወሰኑ ሌላ ቤት ይጠብቀናል።» 30,000 ብር ቀብድ በስልክ ላኩለት። ጥፋቱ የእናቴ አይደለም፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሥራውን የጀመሩት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ግቢው ጥቁር ሆኗል፣ ያብረቀርቃል፣ በጣም ያምራል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ትስቃለች። ቀሪውን 24,000 ብር እዚያው ቆሜ ከፈልኩ። ሜትር አላወጣሁም፣ ጫፉን እንኳን በእግሬ አልነካሁም።

መጋቢት ላይ ዝናብ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ጎማ የሚያልፍበት መስመር ሰጠመ። ከዚያ ላዩ ተሰነጣጠቀ፣ መሐንዲሶች የአዞ ቆዳ ይሉታል። ሚያዝያ ላይ ሰርዶ ከሥሩ በስቶት ወጣ። ሰርዶ የሚበሳው አስፋልት ምን አስፋልት ነው!

ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ መጣ። መንገድ ሥራ ላይ፣ የአፈርና የአስፋልት ምርመራ ክፍል ውስጥ ይሠራል። መሮና መዶሻ አስመጥቶ ሦስት ቦታ ቆረጠው። አንዱ 2 ሳንቲም፣ አንዱ 2 ሳንቲም ከምናምን፣ በረንዳው ጋ ደግሞ 1 ሳንቲም ተኩል። ከሥሩ ምንም የለም፤ ቀጥታ ቀይ አፈር ነው፣ የሣሩ ሥር እንኳን አልተነሳም። «ይሄ ንጣፍ አይደለም፣ ቀለም ነው» አለኝ።

ከዚያ ተቀምጦ በቁጥር አሳየኝ። ይህን ክፍል እባካችሁ በደንብ ያዙት፣ እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተደምድሞ 5 ሳንቲም የሆነ አስፋልት በአንድ ካሬ 115 እስከ 120 ኪሎ ይመዝናል። ለ60 ካሬ ወደ 7 ቶን ማለት ነው። እነሱ ያመጡት አንድ ትንሽ አይሱዙ፣ እሱም ግማሽ ጭነት። በየት በኩል 7 ቶን ሊሆን ይችላል? 2 ሳንቲም ሲሰላ ግን 3 ቶን እንኳን አይሞላም፣ ልክ የመጣውን ያህል። ስለዚህ ማንም መጥቶ 5 ሳንቲም ውፍረት ሲላችሁ ካሬውን በ120 ኪሎ አባዙና የመኪናውን ጭነት እዩ። የእውነት ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ የሚዛን ወረቀትም ይኖረዋል፣ አሳዩኝ በሉ። ሌላም ማታለያ አለ፤ ሳይደመደም በፊት 5 ሳንቲም ለክቶ የሚያሳያችሁ ሰው አለ። አስፋልት ሲዳመጥ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ተዳምጦ 5 እንዲሆን ሲፈስ ከ6 በላይ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። አስፋልት በክብደት ወደ 95 ከመቶው ድንጋይና አሸዋ ነው፣ ሬንጁ 5 ከመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ያ ሬንጅ ድንጋዩን አንድ ላይ የሚይዘው በሙቀቱ ነው። ከማምረቻው ሲወጣ 150 እና 160 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ በሸራ ተሸፍኖ ይጓዛል፣ ከ80 ዲግሪ ሳይወርድ ተዳምጦ ማለቅ አለበት። ከዚያ በታች ብትደመድሙት ጠጠሩ እርስ በርሱ አይያያዝም። በስሱ የተነጠፈ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚቀዘቅዘው። እኛ ቤት የመጣው ሸራ አልነበረውም። ጎረቤታችን ቆማ ስታይ ነበር፣ «ጭስም እንፋሎትም አላየሁም፣ አንዱ ልጅ በእጁ እያነሳ ሲበትነው ነበር» አለችኝ። 150 ዲግሪ የሆነ ነገር በባዶ እጅ አይነሳም።

አሁን «የተረፈ አስፋልት» የሚለውን አስቡት። ጠዋት የተመረተ ነገር ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ገዢ የሚፈልግ ከሆነ ሞቷል። በዚያ ላይ ንብረቱ የፕሮጀክቱ ነው። ሾፌር ወይም ፎርማን በር እያንኳኳ የሚሸጠው መብት ኖሮት አይደለም። ተረፈ የተባለው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ገዢውም እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ማዳመጫው። የእነሱ ሮለር ምን ነበር መሰላችሁ? ውሃ የተሞላ በርሜል፣ ሁለት ሰው በገመድ የሚጎትተው። ሲጨርሱ ደግሞ ከጀሪካን ጥቁር ነገር ረጩበት። ያን ቀን ያማረብኝ እሱ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። ዘይትና ናፍጣ ሬንጅን ያሟሟሉ፣ ማለትም ያስጌጡልን በሚያፈርሰው ነገር ነው። ለሳምንታት ከጫማ አልለቀቀንም፣ እናቴ የሳሎኗን ምንጣፍ ሁለቴ አጥባለች። ዝናብ ሲመታው ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት እየተንሳፈፈ ወደ ታች ይወርዳል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች የጉድጓድ ውሃ አላቸው። ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ ጎርፉን በቦይ ወደ ሌላ በኩል አዙረነዋል፣ ግን ለመጠጥ አትቀዱት ብያቸዋለሁ።

ቡናም አለ። እናቴ ሰፊ ጥቁር ሜዳ ስታይ «ለቀማ ሲደርስ ቡናዬን እዚህ አሰጣለሁ» ብላ ነበር። እንዳታደርጉት! የእውነተኛው አስፋልት ላይም ቢሆን። ቡና ሽታ ይጠጣል፣ ሬንጅና ናፍጣ የገባበትን ቡና ቆልታችሁ ብትፈጩት እንኳን አይለቀውም። በሽቦ አልጋ ላይ አስጡት።

ገንዘቡን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። ስልኩ በሦስተኛው ቀን ዝግ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ መርማሪው በደንብ አዳመጠኝና ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ሙሉ ስም፣ ታርጋ፣ ውል። አንዱም የለኝም። ሕጉ እኮ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ላይ ቀብድ መቀባበል ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል፣ 1885 ላይ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። ግን ማንን ነው የምከሰው? ገንዘቡን የላክሁበት ስልክ እንኳን የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። ስለዚህ አንድ ብር ከመላካችሁ በፊት የንግድ ፈቃዱንና መታወቂያውን ፎቶ አንሱ፣ የመኪናውን ታርጋ አንሱ። ፎቶ ሲባል ፊቱ የሚቀየርን ሰው ሸኙት። ውሉ ላይ «አስፋልት ማልበስ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ ስንት ሳንቲም አፈር እንደሚነሳ፣ ከሥር ስንት ሳንቲም ገረጋንቲና ጠጠር እንደሚደለደል፣ ከተዳመጠ በኋላ ውፍረቱ ስንት እንደሚሆን ይጻፍ። ክፍያውንም ከፋፍሉት፤ ገረጋንቲው ተደልድሎ አይታችሁ ትንሽ፣ ተነጥፎ ለክታችሁ ትንሽ፣ የመጨረሻው አንድ ሁለት ከባድ ዝናብ ካለፈበት በኋላ።

በእኛ አፈር ላይ ዋናው ነገር ከሥር ያለው ነው። ጥቁሩ ላዩ ላይ ያለ ክዳን ነው፣ መኪናውን የሚሸከመው መደላድሉ ነው። የላይኛው አፈር ከነሣሩ ተነስቶ፣ 15 እስከ 20 ሳንቲም ገረጋንቲና የተፈጨ ድንጋይ ውሃ እየጠጣ በማሽን መደምደም አለበት። ተዳፋትም ያስፈልገዋል፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዝቅ እያለ፣ ውሃው ወደ ቦይ እንጂ ወደ ቤቱ እንዳይመጣ። ዳር ዳሩን የሚይዘው ድንጋይ ከሌለ ጫፉ እየተሸራረፈ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት አያልቅም። ገረጋንቲው ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ «እንግዲያው ራሴ እሠራዋለሁ» የምትሉ አላችሁ፣ አንድ ጓደኛዬም ብሎኛል። ሬንጅ በበርሜል እሳት ላይ አቅልጦ ጠጠር ላይ ማፍሰስ። እባካችሁ ተዉት። የቀለጠ ሬንጅ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም፣ እየያዘ ያቃጥላል። በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ውሃ ካለ አረፋ ደፍቶ ገንፍሎ ይወጣል፣ እሳቱም ይይዘዋል። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ይህ አይሞከርም። ብታመልጡም የምታገኙት አስፋልት አይደለም፤ መጠኑን መዝኖ፣ ጠጠሩን አሙቆ የሚቀላቅለው ማሽን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ ቤት ብቻ ጥሩ አስፋልት ርካሽ ሊሆን አይችልም። 7 ቶን ለማምጣት ማምረቻው መነሳት አለበት፣ ሮለር በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ መምጣት አለበት፣ ሠራተኛው መምጣት አለበት። የማሽኑ መመላለሻ 60 ካሬ ላይ ብቻ ሲጫን ዋጋው ይሰቀላል። አስፋልት የግድ የምትሉ ከሆነ አምስት ስድስት ጎረቤት ሆናችሁ በአንድ ቀን አሠሩ፣ ያውም በበጋ። ለብቻ ከሆነ ግን እኔ ኮብልስቶን እላለሁ። የጅማ ልጆች ተደራጅተው ጠርበው ያነጥፉታል፣ የሚሠሩትን ታውቋቸዋላችሁ፣ ቤታቸው የት እንደሆነም ታውቃላችሁ። አንድ ቦታ ቢሰጥም ያን ድንጋይ ብቻ አንስቶ አሸዋውን አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። ገረጋንቲና ተዳፋት ግን እሱም ይፈልጋል፣ ያለዚያ እሱም ይሰምጣል።

እኛ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ይህን ጥቁር ነገር ነቅለን እናወጣለን። ከ15ቱ ሜትር መጀመሪያ በረንዳው ጋ ያለውን 5 ሜትር ነው በኮብልስቶን የምናስነጥፈው፣ ቀሪውን ገንዘብ ሲገኝ። እስከዚያው ከበር እስከ በረንዳ ጣውላ ዘርግቼላታለሁ፣ በአንድ በኩል መደገፊያ አለው። ሰዎቹ እናንተ ሰፈር ከመጡ አይሱዙው ነጭ ነው፣ የግራ የፊት መብራቱ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል፣ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎች ብቻቸውን ቤት ሲሆኑ ነው። ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።