እየጠፋ ለሚነሣ የቢሮ ሰርቨር ፎርማት፣ ክሎን ወይስ ያገለገለ ሰርቨር መግዛት?

ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ አራት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ደውለውልኛል። የቢሯቸው ሰርቨር ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና ይጠፋል፤ ተነሥቶ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ተመልሶ ይጠፋል፤ አንዱ ሱቅ ፎርማት ይደረግ ሲላቸው ሌላው ያገለገለ ሰርቨር ግዙ ይላቸዋል። የእኔ ምርጫ የትኛው እንደሆነ ከመነሻው ልናገር፦ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲስና ኦሪጅናል ዲስክ ክሎን አድርጎ (ሙሉ በሙሉ ገልብጦ)፣ ዊንዶውስ ሰርቨሩን ከላዩ ላይ መጠገን። ይህን የምለው ሦስቱንም መንገዶች ገንዘብ አውጥቼ ስላየኋቸው ነው።

በምሠራበት አሥራ አራት ሠራተኞች ባሉት አዲስ አበባ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት ሒሳቡንም ኮምፒዩተሮቹንም የምከታተለው እኔ ነኝ። ሚያዝያ 2017 ሰርቨሩ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መጥፋት ሲጀምር ቅርብ ወዳለ ሱቅ ወሰድነው፤ ባለሙያውም በ3,500 ብር ፎርማት አድርጎ በሁለት ቀን መለሰልን። «ዳታው አልተነካም» ብሎን ነበር፤ እውነትም የፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራማችን) ፎልደርና የደብዳቤዎቹ ፋይሎች በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው ሴቲንጉ ነው። የሒሳብ ክፍሉን ፎልደር ከፍቼ ማን ማን የመግባት ፈቃድ እንዳለው ባይ፣ በሠራተኞቹ ስም ፈንታ ኤስ-1-5-21 ብለው የሚጀምሩ ረጃጅም ቁጥሮች ተደርድረዋል። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ተጠቃሚ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ አዲስ በተጫነ ሰርቨር ላይ ያንኑ ሠራተኛ በዚያው ስም መልሰው ቢመዘግቡት እንኳ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አሮጌው ፈቃድም አያውቀውም።

በዚህ ምክንያት አሥራ አራቱም ኮምፒዩተሮች እንደገና ከዶሜኑ (ሰርቨሩ የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒዩተሮች በአንድነት ከሚያስተዳድርበት ሥርዓት) ጋር መያያዝ ነበረባቸው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም ጠዋት ሲገባ ባዶ ዴስክቶፕ ጠበቀው። ተጠቃሚዎቹን፣ ሼር የተደረጉትን ፎልደሮችና ፕሪንተሮቹን መልሶ ላስተካከለው ሌላ ባለሙያ 12,000 ብር፣ ፒችትሪውን ጭኖ ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ጋር ላገናኘው ደግሞ 4,000 ብር ከፈልን። ርካሽ የተባለው የ3,500 ብር ጥገና 19,500 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ ሥራ የቆመበትን ጊዜ አልቆጠርኩም። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ፣ ያው ሰርቨር ያንኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳየን። ፎርማቱ የነካው ዊንዶውሱን ብቻ ነበርና የታመመው ዲስክ እንደታመመ ቀርቷል።

ስለዚህ ለማንም ብር ከመክፈል በፊት የሚደረገው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ማያ ውስጥ ሲስተም የሚለውን መዝገብ ከፍተው ሰርቨሩ የጠፋበትን ሰዓት ይፈልጉ። ከርነል ፓወር 41 የሚለው መልእክት ኮምፒዩተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ የሚነግር ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር የስህተት ኮድ ካልተመዘገበ ጥርጣሬው ወደ መብራቱ፣ ወደ ዩፒኤሱ ወይም ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሂድ። ከዲስክ የመጡ 7፣ 51 ወይም 153 የሚሉ ቁጥሮች በተደጋጋሚ ካሉ ግን ችግሩ ዲስኩ ወይም ኬብሉ ጋ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የእኛን ዲስክ ስመለከት፣ ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎችን የሚቆጥረው ሲ5 የተባለው መስመር፣ ዜሮ መሆን ሲገባው፣ 38 ይል ነበር፤ በማግሥቱ 52 ሆነ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ዲስክ ፎርማት ማድረግ የሚሰጠው ጥቂት ሳምንት ብቻ መሆኑን እኛ ከፍለን ተምረናል።

አሁን ወደ ዲስኩ ግዢ ልምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስላለፈ፣ ከዚያ በፊት የምናስታውሰው የኤስኤስዲ (የአዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ዋጋ ዛሬ መለኪያ አይሆንም። በሰኔ 2017 መርካቶና መገናኛ ተዘዋውሬ ስጠይቅ፣ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ከ6,200 ብር እስከ 14,500 ብር ተባልኩ። እኔም በ6,200ው ተታለልኩ። ማሸጊያው በታወቀ ብራንድ ስም የታተመ፣ ዲስኩም ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ 1 ቴራ ብሎ የሚያሳይ ነበር፤ ክሎኑም ያለ ስህተት አለቀ፤ ሰርቨሩ ግን በዚያ ዲስክ አልነሣ አለ። ኋላ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስፈትነው እውነተኛ ማስቀመጫው ወደ 120 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ የተጻፈው ሁሉ አልተቀመጠም። ሻጩ ደረሰኝ ስላልሰጠኝ ልመልስለት አልቻልኩም። ፈተናው ረጅም ሰዓት ቢወስድም፣ የተገዛ ዲስክ ይህን ሳያልፍ የቢሮ ዳታ ሊጫንበት አይገባም፤ ከመክፈልዎም በፊት ፈተናውን ካላለፈ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ፎርጅድ ሳይሆን ኦሪጅናሉ ዕቃ ላይ ያለ ነው። ብዙ ሱቆች 960 ጊጋ የሆነውን ኤስኤስዲ «አንድ ቴራ» ብለው ይሸጡታል፤ ዋጋውም በዚያን ጊዜ ከሙሉው በ1,500 ብር ገደማ ይቀንስ ነበር። አሮጌው ሃርድ ዲስክ 1,000 ጊጋ ከሆነ ግን ክሎንዚላ የሚባለው የክሎን ፕሮግራም መድረሻው ዲስክ ከመነሻው ስለሚያንስ አልቀዳም ይላል፤ የዲስኩን ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) አሳንሶ ለመቅዳትም በታመመ ዲስክ ላይ ተጨማሪ ሥራ መሥራት ይጠይቃል። በመጨረሻ 1,000 ጊጋ ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን በ13,800 ብር ገዛሁ፤ ክሎንዚላውን የጫንኩበት ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ 450 ብር ነበር፤ ድምሩ 14,250 ብር። ባለሙያ ብታሠሩት በዚያን ጊዜ የተጠየቅሁት የእጅ ዋጋ 5,000 ብር ስለነበር 19,250 ይሆናል። በቁጥር ሲታይ ከፎርማቱ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ አሥራ አራቱም ሠራተኞች ሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን መቀጠላቸው ነው።

ክሎን ሲደረግ ንባብ ያቃተው ዲስክ መሐል ላይ ሊያቆም ስለሚችል፣ የተበላሹትን ቦታዎች እየዘለለ እንዲቀጥል የሚያዝዘውን አማራጭ መምረጥ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ ከሰርቨሩ ያውጡት፤ ሁለቱ አንድ መለያ ስላላቸው አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ከአገልግሎት ያስወጣዋል። እኔ ቀኑን በማርከር ጽፌበት ካዝና ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሰርቨራችሁ ያንኑ ዳታ በሁለት ዲስኮች ላይ በእኩል የሚጽፍ (ሬይድ 1) ከሆነ ክሎንም አያስፈልግም፤ የታመመውን ብቻ ቀይሮ እንደገና እንዲሞላ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ የሚቀረው ዊንዶውሱን መጠገን ነው፤ የተበላሹት ቦታዎች የሲስተም ፋይሎችን ይዘው ሊሆን ይችላልና። መጀመሪያ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን የሚያስተካክሉትን የዊንዶውስ ኮማንዶች፣ ኤስኤፍሲንና ዲዝምን፣ ማስኬድ ይሞከራል። እነሱ ካልፈቱት፣ ሰርቨሩ በርቶ እያለ ያንኑ ቨርዥን፣ ያንኑ ኤዲሽንና ያንኑ ቋንቋ የያዘውን የዊንዶውስ ሰርቨር መጫኛ ከውስጥ ሆነው ይክፈቱና «ፋይሎች፣ ሴቲንጎችና ፕሮግራሞች ይቆዩ» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ምርጫ ደብዝዞ አልመረጥ ካለ እዚያው ያቁሙ፤ መጫኛው ከተጫነው ጋር አይገጥምም ማለት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ «በሌላው እንቀጥል» ብለው ሴቲንጉን ያጠፉታል። ሰርቨሩን ከፍላሽ ማስነሣትም ይህን መንገድ ይዘጋዋል፤ ጥገናው የሚሠራው ከተነሣ ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የአይፒ አድራሻውን በወረቀት ጻፉ፤ ሰርቨሩ ዶሜን ኮንትሮለር (ዶሜኑን የሚያስተዳድረው) ከሆነም በዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ የሲስተም ስቴቱን (የተጠቃሚዎቹንና የሴቲንጉን መዝገብ) ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ፤ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር በነፃ የሚመጣ ነው። የእኛ ጥገና ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፎ አለቀ፤ የሒሳብ ክፍሉን ፎልደር ፈቃድ ስከፍት ሁሉም ስሞች በቦታቸው ነበሩ።

ያገለገለ ሰርቨር የሚለው ምክር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሚሸጠው ሰው ነው። ለእኛ የቀረበልን ከዱባይ የመጣ ታወር 118,000 ብር ተጠርቶበት ነበር፤ ከዚህ ላይ ደግሞ ዲስክ የለውም። ዲስክና ባለሙያ ሲጨመርበት ከ140,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ሴቲንጉን ደግሞ ከአሮጌው ማዛወሩ ያው ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ ነው። ያልተነገረን ሌላ ነገር ራሙ ነው። ወዳጄ የገዛው ያገለገለ ሰርቨር ራም ሲያንሰው ከገበያ ሬጂስተርድ የሚባለውን ባለ 16 ጊጋ ገዝቶ ሰካበት፤ ቀዳዳው ላይ በትክክል ገባ፤ ሰርቨሩ ግን ሬጂስተርድ ያልሆነውን ዓይነት ብቻ የሚቀበል ስለነበር ጭራሽ አልነሣም። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ የሞዴሉን መመሪያ ሳያነቡ ራም አይግዙ።

ፎርማትም አዲስ ዕቃም ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰርቨሩ ፋይል በሚቆልፍ ቫይረስ ከተመታ ክሎኑ ቫይረሱንም ይዞ ስለሚሄድ፣ ከንጹሕ መነሻ መጫን ግዴታ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ላይ ያለ ቢሮም የማይክሮሶፍት ድጋፉ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ቀን 2023) ያበቃ በመሆኑ፣ ለጥገና የሚያወጣውን ብር ለሽግግር ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። ሰርቨር 2016 ላይ ያለ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጊዜ አለው።

አንድ ወጪ ግን በየትኛውም ምርጫ ላይ ይጨመር፤ የዩፒኤስ ባትሪ። የእኛ ዲስክ ያለ ዕድሜው የታመመው መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ በድንገት ስለሚጠፋ ይመስለኛል፤ ዩፒኤሱ ባትሪው ሞቶ ለይስሙላ ብቻ ይበራ ነበር። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 2,800 ብር ተገዛ፤ በ1,900 ብር የቀረበልን ሌላው ተመሳሳይ ጽሑፍ ነበረው። ሁለቱን የሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው፦ አንዱ 2.1 ኪሎ፣ ሌላው 1.3 ኪሎ መዘነ። የዚህ ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ወደ 2 ኪሎ ሊመዝን ስለሚገባው ከባዱን ወሰድን፤ ሌዘር ፕሪንተሩንም ከዩፒኤሱ ነቅለን ወደ ግድግዳው ሶኬት አዛወርነው።