«የአዋሽ ሳፋሪ በአንድ ቀን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ቴሌግራም ላይ «የአዋሽ ፓርክ ሳፋሪ፣ በዕለቱ ደርሶ መልስ፣ ሁሉንም ያካተተ» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ፎቶው ላይ ዝሆን አለ፣ ቀጭኔ አለ፣ የሜዳ አህያ መንጋም አለ። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ሦስቱም የሉም። ዝሆን ያማረው ወደ ባቢሌ ወይም ወደ ማጎ ይሂድ። የሜዳ አህያ ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ አለ። አንበሳ አዋሽ ላይ ቢኖርም «ሳታዩ አትመለሱም» ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

የሚያናድደው አዋሽ የራሱ እንስሳ መኖሩ ነው። ሳላው ብቻ ያስኬዳል። ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ። አምበራይሌው፣ የሜዳ ፍየሉ፣ ከርከሮው አለ። ወፍ ለሚወድማ ከ400 በላይ ዝርያ አለ። የሌላ አገር ፎቶ መለጠፍ ምን አመጣው?

እኛ በዚሁ ማስታወቂያ ቤተሰብ ሆነን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ የመግቢያ፣ የመኪናና የስካውት (አጃቢ የፓርክ ጠባቂ) ክፍያ «ለብቻ ነው» ተባልን። አጎቴ «ታዲያ ምኑን ነው ያካተተው?» ቢለው፣ አስጎብኚው «የታሸገ ውሃ» አለ።

ዋናው ማታለያ ግን ሰዓቱ ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጠዋት ተነስቶ፣ አዳማ ላይ ለቁርስ ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። በዚያ ሙቀት እንስሳው ሁሉ ጥላ ስር ተኝቷል። የሚንቀሳቀሰው ሲነጋና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። በ10 ሰዓት ደግሞ ሹፌራችን «እንዳይመሽብን» ብሎ ሞተር አስነስቷል። ፓርኩ ውስጥ ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ያየነው ሙቀቱ ሲርገበገብ ነው።

ፍልውሃውም ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ነበር። ቦታው ከጅቡቲው መንገድ በስተሰሜን፣ የፓርኩ ጫፍ ላይ ነው። ያመጡልን ሚኒባስ ያንን መንገድ አይደፍረውም፤ ላንድክሩዘር አይነት መኪና ይፈልጋል። ፏፏቴውን አሳይተው መለሱን። እሱ እንኳ ደስ ይላል። የቀረውን ገንዘብ መልሱ ብለን ብንጽፍ ከግሩፑ አስወጡን።

ስለዚህ መኪናው ምን እንደሆነ፣ የበሩን ክፍያ ማን እንደሚከፍል በጽሁፍ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ የተለየ ነው፤ እሱንም ጠይቁ። «ብሩን በግለሰብ ስም ላኩ፣ ደረሰኝ የለም» ካሏችሁ ተዉት። ማደር የሌለበትን ጉዞ ደግሞ በቅናሽም አትግዙት። መተሃራ ወይም አዋሽ ሰባት አድራችሁ ሲነጋ ብትገቡ ይሻላል።