ገንዛን ወይስ ካኖያ? ሁለቱን የእንግሊዝ መርከቦች የጣለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1941 የጃፓን ባሕር ኃይል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስንና ሪፐልስን የተባሉትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አሰጠሙ። ሚሆሮ የሚባል ቡድንም ነበረበት። ዋናው ክርክር ግን ገንዛንና ካኖያ በሚባሉት ሁለት የአየር ቡድኖች መካከል ነው።

ገንዛን ስሙን ያገኘው ከኮሪያዋ ዎንሳን ነው። የሚያበረው አሮጌውን ቦምብ ጣይ ጂ3ኤም ነበር፤ ቶርፔዶው (ውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ከሆዱ ሥር በግላጭ ይንጠለጠላል። ቢሆንም ከካኖያ ቀድሞ ደረሰ። በፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ግራ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ ያረፈው ቶርፔዶ የፕሮፔለሩን ዘንግ አበላሸ። ዘንጉ እየዞረ የመርከቡን ውስጥ ቀዳደደው። ውኃ ገባ፣ ኤሌክትሪክ ጠፋ፣ መሪው አልታዘዝ አለ። ያ ሁሉ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ምን ዋጋ አለው?

ካኖያ ጂ4ኤም የሚባሉ 26 አዳዲስ ቦምብ ጣዮች ይዞ ዘግይቶ መጣ። እነዚህ ፈጣን ናቸው፤ ቶርፔዶውንም በሆዳቸው ውስጥ ይይዛሉ። እየተጣመዘዘ ሲያመልጥ የቆየው ሪፐልስ ከተለያየ አቅጣጫ ሲመጡበት አልቻለም።

ለእኔ ከባዱን ምት ያሳረፈው ገንዛን ነው፤ ካኖያ ጨረሰው። በአውሮፕላን ግን ጂ4ኤም ይበልጣል፣ እሳት እስኪነካው ድረስ። የነዳጅ ጋኖቹ መከላከያ አልነበራቸውም። ካኖያ 751 ተብሎ ከተሰየመ በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1943 ሬኔል ደሴት አጠገብ ቺካጎ የተባለውን የአሜሪካ ክሩዘር የጦር መርከብ አሰጠመ። ከሄዱት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ አልተመለሱም።