ካያክ በፒክአፕ፦ ፖርቶመጋላ ወይስ የካሶኒ ድጋፍ?

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣጣው መንገዱ ሳይሆን 4 ሜትር የሚሆን ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) መጫኑ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ 1.5 ሜትር ገደማ ነዋ!

በያጅ በቱቦላሬ የሚሠራው ፖርቶመጋላ ከጋቢናው በላይ ያልፋል። ካያኩ ተገልብጦ ሁለት ብረት ላይ ያርፋል፤ ካሶኒው ለዕቃ ይተርፋል። ግን ከፍ ስለሚል ብቻን ማውጣት ወገብ ይቆርጣል።

ከካሶኒው ኋላ የሚሰካው ድጋፍ ርካሽ ነው፤ መጫኑም ቀላል። ችግሩ ወደ ኋላ የሚወጣው የካያኩ ጭራ ነው። አንዴ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስወጣ፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበት እንኳ፣ በየጥምዙ ከጎን የሚመጣውን ሚኒባስ የሚገርፍ እየመሰለኝ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

ፖርቶመጋላውን አሠራሁ። ብረቱን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሉት። ገመዱን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ፀሐይ ሲመታው የካያኩ ፕላስቲክ ይሰረጎዳል።