የለገጣፎ መንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች፦ የጓሮ ቅመሙን ግዙ፣ አፕሉን ጠይቃችሁ ግዙ

ክረምቱ ወጣ ሲል ከአዲስ አበባው አያት ሰፈር ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚደረድሩ ሻጮች ገበያቸው ይደራል። ሰፊ ግቢ ላለውም፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ብቻ ላለውም የሚሆን አይጠፋም። ምርጡ ሸቀጣቸው ግን የጓሮ ቅመም ነው፤ ለእሱ ሲባል መንገዱ ያዋጣል።

ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳር፣ ናና እና የጥብስ ቅጠል የደጋውን አየር የለመዱ ስለሆኑ በቀላሉ ይይዛሉ። ኮሰረት አንድ እግር ይበቃል፤ ቁጥቋጦ ሆኖ ስለሚሰፋ ቅቤ ማንጠሪያ አያሳጣም። ጠጅ ሳር ሦስት አራት ግንድ ያለውን ምረጡ፣ ቤት ወስዳችሁ ትከፋፍሉታላችሁ። ናና የግድ ለብቻው ዕቃ ይፈልጋል፤ ከሌላ ጋር ከተተከለ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ጎረቤቱን ይውጠዋል። ጤና አዳምን ፀሐይ ላይ ስትቆርጡ እጃችሁን ሸፍኑ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከቀረ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በሶብላ ደግሞ ውርጭ አይችልም። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ሲከፋ ወደ ግድግዳ ካልተጠጋ ባንድ ሌሊት ይጠቁራል።

ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሉን ትታችሁ ጥቁሩን ፕላስቲክ ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ነጭ ሥር በትንሹ ብቅ ካለ ጥሩ ነው። ወፍራም ሥር ወጥቶ መሬት ከያዘ ግን ሲነሳ ይበጠስና ተክሉ ቤት ሲደርስ ይጠወልጋል። ግንዱንም በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከአፈሩ ላላ ብሎ ከመጣ በቅርቡ ከመደብ ተነቅሎ የተከተተ ነው፣ ተዉት። ጽጌረዳ ሲሆን አበባው የፈካው ዓይን ይስባል፤ የሚሻለው ግን ያልፈነዳ እምቡጥና ከሥር የወጣ አዲስ ቀንበጥ ያለው ነው።

በማዳበሪያ ከረጢት የሚሸጡት አፈር አያረካም። አብዛኛው መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩም አየር ያጣል። እርጥቡን አፈር በመዳፋችሁ አድቦልቡሉት፦ ሳይሰበር እንደ ገመድ ከተሳበ አትግዙት። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ቤት ማደባለቅ ይሻላል። ለጥብስ ቅጠልና ለጤና አዳም አሸዋውን 2 እጅ አድርጉት፤ እነዚህን የሚገድላቸው ጥም ሳይሆን ታች የተኛ ውኃ ነው። ፍጉ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ወይም የሚከረፋ ከሆነ አልበሰለም፣ ሥር ያቃጥላል። የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጥሩ መትከያ ነው፣ ታቹን አምስት ስድስት ቦታ መብሳት ብቻ ነው። ስትተክሉ የችግኙን ፕላስቲክ አትጎትቱ፣ በምላጭ ሰንጥቁት፤ ታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ቆርጣችሁ ጣሉት። ግንዱ ፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር።

ፍራፍሬው ላይ ነው ቅሬታው። ሻጮቹ ሲጠየቁ አይሰስቱም፣ ካልተጠየቁ ግን ዝም ነው። አፕል ፈላጊ አንዲት ችግኝ ይዞ ሲሄድ የሚያስቆመው የለም። እዚህ አገር የተለመዱት «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉት ዝርያዎች ግን ጎን ለጎን ሲተከሉ ነው በደንብ የሚያፈሩት፤ አንዷ ብቻዋን ብዙ አበባ አውጥታ ጥቂት ፍሬ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ዝርያውን በስም ጠይቁ፣ ስሙን የማያውቅ ሻጭ ጋ አፕል አትግዙ። አቮካዶም እንዲሁ ነው፦ ግንዱ ዝቅ ብሎ የተዳቀለበት፣ ማለትም የሌላ አቮካዶ ቀንበጥ የተቀጠለበት እብጠት ከሌለ ከፍሬ የበቀለ ነውና ለማፍራት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የተዳቀለው በሦስት አራት ዓመት ይደርሳል። ለሁለቱም ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኑረው፤ ሲቆፈር የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥና ከፍግ ጋር ተደባልቆ ሥሩ አጠገብ ይግባ።

ዋጋ ላይ መከራከር ይቻላል፣ በርከት አድርጎ ለሚገዛ ይቀንሳሉ። በክፍት መኪና የምትጭኑ ከሆነ ባዶ ማዳበሪያ ጠይቃችሁ ችግኙን ሸፍኑት፣ ነፋሱ ከፀሐዩ ይብሳል። ቤት ስትደርሱ አጠጥታችሁ ጥላ ሥር አቆዩትና አመሻሽ ላይ ትከሉት።