ባህር ዳር ውስጥ የሬቲና ደም ስር የምታነሳ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው ምስሎቿን የምናነብ የዓይን ሐኪሞችና ኦፕቶሜትሪስቶች ነን። እህታችን ባህር ዳር፣ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ታነሳለች፤ ይህም በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የሬቲናን፣ ደም ስሮች የሚያሳይ ምስል ነው። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ምርመራው መርፌም ቀለምም የለውም። መሣሪያው አንዱን ቦታ በፍጥነት ደጋግሞ በብርሃን ያነባል። የማይንቀሳቀሰው ክፍል በየንባቡ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ቀይ የደም ሕዋስ የሚያልፍበት ነው። ከዚህ ልዩነት የደም ስሮቹ ካርታ ይወጣል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ ዓይን ከተወዛወዘ መሣሪያው እንቅስቃሴውን ደም አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነጭ መስመር ወይም ተቆርጦ የተቀጠለ የሚመስል ደም ስር ይታያል። ከተጨፈነ ደግሞ ጥቁር መስመር ይቀራል። የሚፈለገው ካፒላሪ (እጅግ ቀጭኑ ደም ስር) ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ስለሆነ ትንሿ ውዝዋዜም ታበላሸዋለች።

እሷ ጋ ግን እንዲህ ያለ ምስል ወደ ሐኪም አይሄድም፤ ይደገማል። በንፋስና በአቧራ የደረቀ ዓይን ምስሉን ስለሚያደበዝዝ መጀመሪያ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ ታደርጋለች። ከዚያ «እናቴ፣ ግንባርዎን ጠጋ ያድርጉልኝ። አሁን ያርገብግቡ። አሁን ምልክቷን ብቻ ይዩልኝ» ትላለች፤ ጥቂት ሰከንድ ነው። ብሌኑ ጠባብ ከሆነ የማስፊያ ጠብታ ታደርግና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ታስጠብቃለች። ከጠብታው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ዓይን ብዥ ይላል፣ ብርሃንም ይወጋል፤ በብስክሌት የመጣ ሰው ብስክሌቱን ሌላ ሰው ይንዳለት። ጣና ዳር የቀትር ፀሐይ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ባርኔጣ ያዙ።

የሬቲናን መሃል በ3 በ3 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በ6 በ6 ታነሳለች። ሰፊው ብዙ ቦታ ያሳያል፣ ካፒላሪዎቹን ግን እንደ ጠባቡ አጥርቶ አያወጣም።

በጣም የምናመሰግናት ጤናማውን ዓይን በሽተኛ ስለማታደርግ ነው። ፎቪያ ላይ፣ ማለትም አጥርተን በምናይበት የሬቲና መሃል፣ ልክ መሃሉ ጋ፣ ደም ስር የሌለበት ጥቁር ክብ አለ፤ ተፈጥሮው ነው። ስፋቱ በአማካይ 0.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም በጤነኞች መካከል እጅግ ይለያያል፤ የአንዱ ከሌላው እጥፍ በላይ ቢሆን አይገርምም። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች ግን በጣም ይቀራረባሉ፤ ለዚህም ሁልጊዜ ሁለቱንም ታነሳለች። ከመሃሉ ውጭ ጥቁር ቦታ ስታይ ደግሞ ያንኑ ቦታ ደም ስሮቹን ሳይሆን የሬቲናን ሽፋኖች በሚያሳየው መደበኛ የኦሲቲ ምስል ላይ ትመለከታለች። እዚያም ከጠቆረ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ የሞራ ወይም በዓይን ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ጥላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ደም ስር ጠፋ አይባልም። ይህን ሳያጣራ የሚላክ ምስል ስንቱን በከንቱ አስደንግጧል!

ወፍራም የቅርብ እይታ መነጽር የምታደርጉ ንገሯት። ረጅም ዓይን ላይ መሣሪያው በአማካይ ርዝመት ብቻ ካሰላ ያ ጥቁር ክብ ከእውነተኛው አንሶ ይለካል።

የምንጠቁመው በተለይ ስኳር ኖሮባቸው ዓይናቸው ገና ላልተነካ ሰዎች ነው፤ ዛሬ በጤና የተነሳው ምስል ለነገ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ምርመራ የደም ስር ፍሳሽን አያሳይም፣ የሬቲናን ዳርቻም አይሸፍንም፤ ብሌን አስፍቶ የሚደረገውን የሐኪም ምርመራ አይተካም። የሁለት ኩባንያ መሣሪያዎች ቁጥርም አይወዳደርም፤ ለክትትል ያው መሣሪያ ጋ ተመለሱ፣ የቀድሞውንም ምስል በፋይል ያዙ፤ ወረቀት ላይ ካፒላሪው አይለይም።

ቅሬታ ካለን ወረፋው ነው፤ አንድ ሰው ላይ ስለምትቆይ ረፋዱን ይበላል። በማለዳ ሂዱ፣ ቡና ሳትጠጡ። ካፌይን የሬቲናን ደም ስር ለጊዜው በመጠኑ ያጠባል። ለእኛ አገር ሰው ከባድ ትእዛዝ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ሲጨርሱ «አሁን ቡናዎን ይጠጡ» ብላ ትሸኛለች።